ያዥ ሌላ፣ ጸሐፊ ሌላ፦ የሂሳብ ሙያ ከበጅሮንድ ግምጃ ቤት እስከ ፎገራ ቀበሌ

በኅዳርና በታኅሣሥ የፎገራ ሜዳ ሩዙን ሲወቃ፣ አውድማው ላይ ከጉልበቱ ሥራ እኩል የሚያደክም ሌላ ሥራ አለ፤ ሂሳብ። በቁሐር ሚካኤልም ሆነ በወረታ ዙሪያ ባሉ ሌሎች ቀበሌዎች መሬቱን ለእኩል የሰጠውና ያረሰው ገበሬ ከመካፈላቸው በፊት የሚጨርሱት ጉዳይ ብዙ ነው። ዘሩን ያወጣው ማን ነው? የማዳበሪያው ዋጋ ከመሐል ይነሣል ወይስ በአንደኛው ላይ ይቀራል? ለአረምና ለአጨዳ የተቀጠረው ሰው ቀለብና ደመወዝስ? ከብት የሚበላው ገለባ የማን ነው? ይህ ሁሉ ከተቋጨ በኋላ ነው ከረጢት የሚቆጠረው። ሲቆጠርም ሁለቱ ወገኖች ቆመው ያያሉ፤ ጭቅጭቅ ይነሣል ተብሎ ከተፈራ ጎረቤት ይጠራል።

ወጪን ከገቢ መለየት፣ ወጪው የማን እንደሆነ መወሰን፣ ቆጠራውን በባለጉዳዩ ፊት ማድረግ፤ የሂሳብ ሙያ ዋናው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዲግሪውም፣ ሶፍትዌሩም፣ ዓለም አቀፉ ደረጃም የሚደገፉት በእነዚህ ላይ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው። ድምር ማወቅ ከጥንትም አላጣንም። የጎደለን ገንዘቡን የሚይዘው ሰውና ገንዘቡን የሚጽፈው ሰው የተለያዩ እንዲሆኑ፣ የሁለቱንም ሥራ የሚያይ ሌላ ዐይን እንዲኖር የሚያስገድድ ሥርዓት ነበር። የሙያው የኢትዮጵያ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ መለያየት ታሪክ ነው።

በግምጃ ቤትና በወንጌል ኅዳግ

ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን የቤተ መንግሥቱን ሀብት የሚጠብቀው ሹም በጅሮንድ ይባል ነበር። ከየአገሩ የገባው ግብር፣ ወርቁና ልብሱ በእርሱ እጅ ነው። የሚይዘውም የሚቆጥረውም እርሱ ነው፤ የሚጠይቀውም ንጉሡ ብቻ። በታች በኩል ደግሞ ጭቃ ሹሙ ከገበሬው ተቀብሎ ለበላዩ ያስረክባል፤ የተቀበለውና ያስረከበው ስለ መመጣጠኑ ለከፋዩ የሚነግረው የለም። ሂሳቡ ወደ ላይ ብቻ ይጓዛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሰውን ስስት ብቻ ሳይሆን የሂሳብ አሠራሩንም ይናገራል፤ ያዥና ቆጣሪ አንድ ሰው በሆነበት ቤት መብላትን የሚከለክለው የሹሙ ኅሊና ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን ግን የተሻለ መርሕ ያለው ሌላ መዝገብ ነበር። መሬት ሲሸጥ ወይም ርስትና ጉልት ሲሰጥ ጉዳዩ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይሰፍራል። ሻጭ፣ ገዥ፣ የተከፈለው ዋጋ፣ ዋሱና ምስክሮቹ በስም ይጻፋሉ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ ስለ ክርስቲያናዊው መንግሥት መሬትና ኅብረተሰብ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት መጽሐፍ በእነዚህ ጽሑፎች ላይ በብዛት ተመርኩዟል። ለሂሳብ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር መዝገቡ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በሻጩም በገዥውም ቤት አልተቀመጠም፤ ሁለቱም ሊፍቁት በማይደፍሩት መጽሐፍ ውስጥ፣ በሦስተኛ ወገን እጅ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስሌት አላነሳቸውም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፎ ወንበሩን፣ ከወንበሩ አበቅቴና መጥቅዑን አውጥቶ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ይደረድራል። ችግሩ በግዕዝ አኃዝ የዕለት ገቢና ወጪ መያዝ ላይ ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ አኃዙም በተቀመጠበት ቤት ዋጋው አይለወጥም። ፻፳፭ ጽፎ ከሥሩ ፺፰ ያሰፈረ ሰው አንዱ ከአንዱ፣ ዐሥሩ ከዐሥሩ አይገጥምለትም። ድምሩ ፪፻፳፫ መሆኑን የሚያገኘው በአእምሮው አስልቶ ነው እንጂ ዓምዱን ከላይ ወደ ታች ደምሮ አይደለም። ስለዚህ ሌላው ሰው የስሌቱን መንገድ ተከትሎ ሊመረምረው ይቸገራል፤ መዝገቡ ውጤቱን ይይዛል፣ አካሄዱን ግን አያሳይም።

የንጉሥ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የገንዘብ ሚኒስትርነቱ የደረሰው ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ ነው። አዲሱ ወንበር ለአሮጌው ማዕረግ መሰጠቱ አያስገርምም፤ ገንዘብ ማለት ግምጃ ቤት፣ ግምጃ ቤት ማለትም የቤተ መንግሥት ጓዳ ነበርና።

ይህን ክር በግልጽ የመዘዘው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ጽሑፍ ካቀረባቸው የለውጥ ሐሳቦች መካከል የንጉሡ የግል ገቢ ከመንግሥቱ ገቢ ይለይ የሚለው ይገኝበታል። እርሱ ራሱ የባቡር መሥመር ተቆጣጣሪ፣ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኖ ስለሠራ የጉምሩክ ገንዘብ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

ሐሳቡ በሕግ ለመስፈር እስከ 1923ቱ ሕገ መንግሥት ጠበቀ። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የገንዘብ ሚኒስትርነቱንም በበጅሮንድ ማዕረግ የያዙ ሰው ናቸው። የሰነዱ የመጨረሻ አንቀጽ፣ 55ኛው፣ የመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ በየዓመቱ ለየሚኒስቴሩ በሚወሰነው በጀት መሠረት ካልሆነ በቀር ወጪ እንዳይሆን ይደነግጋል። አንቀጹ በመጨረሻ ይቀመጥ እንጂ ለሂሳብ ሙያ መሠረት ነው። አስቀድሞ የተጻፈ በጀት ከሌለ ወጪውን ከምን ጋር ያመሳክሩታል?

ኮሜርስ፣ ኦዲትና የንግድ ሕግ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተመለሰው መንግሥት የጸሐፊና የሂሳብ ሠራተኛ ያለህ ይል ነበር። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ሰው ሁሉ «ኮሜርስ» የሚለው፣ የታይፕና የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ያስተምር ጀመር። ለብዙ ዓመታት በባንክ፣ በአየር መንገድና በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል የተቀመጠው ሰው «ኮሜርስ ነው የተማርኩት» የሚል ነበር።

ኮሜርስ ያስፋፋው ዕውቀት ከጣሊያን የተነሣ ነው። የፍራንሲስካን መነኩሴው ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው የሂሳብ መጽሐፍ የዚያችን ከተማ ነጋዴዎች ልማድ በሥርዓት ጻፈው። ዘዴው ዛሬ ድርብ ምዝገባ ወይም ዴቢትና ክሬዲት የምንለው ነው። አንድ የወረታ ነጋዴ 50,000 ብር አውጥቶ ሩዝ ቢገዛ፣ በአንድ በኩል ካዝናው በ50,000 መቀነሱ፣ በሌላው በኩል መጋዘኑ በ50,000 መጨመሩ ይጻፋል። እያንዳንዱ ጉዳይ ሁለት ቦታ ስለሚሰፍር አንዱን ዘንግቶ ወይም ደብቆ ማለፍ ሚዛኑን ያዛባል። ሁለቱንም ለማጭበርበር ከተፈለገ ደግሞ ያዡና ጸሐፊው መመሳጠር አለባቸው።

ሙያው ማኅበር ሆኖ የቆመው ከዚህ ብዙ ዘግይቶ ነው። የኤዲንብራ የሂሳብ ባለሙያዎች ከብሪታንያ ንግሥት ቻርተር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። በእኛም አገር በሙያ ማኅበር የመደራጀቱ ነገር የመጣው በዘውዳዊው ሥርዓት ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ በመንግሥት በኩል ያለው ቁጥጥር ግን ቀደም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 በአዋጅ ቁጥር 69 የኦዲት ኮሚሽን ተቋቋመ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዋና ኦዲተር እንዲኖር ደነገገ፤ መሥሪያ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1961 በአዋጅ ቆመ። ያን ጊዜ ዋና ኦዲተሩን የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሚሾመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የተሿሚው ሥራ ያው ምርመራ ሲሆን የሚመልስለት ወገን ተለወጠ፤ ከንጉሥ ወደ ምክር ቤት።

ለግሉ ነጋዴ መዝገብ መያዝን ግዴታ ያደረገው በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ማርቀቅ የጀመረው የንግድ ሕግ ነው። አክሲዮን ማኅበራት ኦዲተር እንዲኖራቸውም አዘዘ። ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ እስኪተካ ድረስ ስድሳ ዓመት ገደማ አገልግሏል።

መዝገብ በሌለበት ግምት

ሕጉ አዲስ አበባ ላይ ቢጻፍም በጌምድርና ጎጃም ሌላ ዓለም ነበሩ። በእነዚህ የርስት አገሮች መሬት በቃላድ ስላልተለካ ግብሩ በቆየ ግምት ይከፈል ነበር። ገበሬው ገንዘብ ከፍሎ የሚቀበላት ደረሰኝ ከግብር ማስረጃነት አልፋ የባለመሬትነት ምስክር ሆነች፤ በክርክር ጊዜ ከሣጥን የምትወጣው እርሷ ነበረች። በ1960 ዓ.ም. አስራት ቀርቶ በግብርና ገቢ ግብር ሲተካ ገቢው በገማቾች ይገመት ተባለ። ጎጃም በዚያው ዓመት አመፀ። የአመፁ ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ገበሬው መሬቴ ይለካል፣ ንብረቴም ይገመታል ብሎ መስጋቱ ነበር። ግምቱን የሚያስተባብልበት ጽሑፍ አልነበረውም።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያው ነገር በከተማ ተደገመ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ግብር ከፋዩን በሀ፣ በለና በሐ ከፋፍሎ ነበር። ያን ጊዜ ዓመታዊ ሽያጩ 1,000,000 ብር የደረሰው ደረጃ «ሀ» ሆኖ የተሟላ መዝገብ ይይዝ ነበር፤ ከ500,000 በታች ያለው ደረጃ «ሐ» በቁርጥ ይከፍል ነበር። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የቀን ገቢ ግምት ሲነገር በብዙ ከተማ ሱቆች ተዘጉ፣ አቤቱታ ጎረፈ። ከነጋዴው ብዙው «ተበደልኩ» ሲል እውነቱን ይሆናል፤ ግን ለማስረዳት የሚዘረጋው ደብተር አልነበረውም። ገማቹም በበኩሉ ከግምት በቀር የሚይዘው አልነበረውም። ነጋዴ መዝገብን የግብር ሰብሳቢ ወጥመድ አድርጎ ማየት ለምዷል፤ እነዚህ ሁለት ገጠመኞች የሚያሳዩት ግን መዝገብ ለከፋዩም ጋሻ መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ የባለሙያው ፈተና አለ። በየከተማው፣ በወረታም ጭምር፣ ነጋዴው «ሂሳብ የሚሠራልኝ ልጅ» የሚለው፣ የብዙ ድርጅቶችን ወርኃዊ ሪፖርት እየዞረ የሚያዘጋጅ ወጣት አለ። የሩዝ መፈልፈያ ባለቤቱ በራሱ ደብተር የያዘው ቁጥር አንድ፣ ለግብር የሚቀርበው ቁጥር ሌላ ሲሆን ልጁ የሚጠየቀው ሁለተኛውን እንዲያሳምረው ነው። እምቢ ቢል ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄዳል። ሙያው ማኅበርና ፈቃድ፣ የሥነ ምግባር ደንብም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ብቻውን የቆመ ባለሙያ ደመወዝ ከፋዩን እምቢ ሊል አይችልም።

ነጥብ መዝጋቢው፣ ሰበካው፣ ማኅበሩ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ፋብሪካና ባንክም ስለተወረሰ የግል ኦዲተሮች ገበያ ተመናመነ፤ የመንግሥት ድርጅቶችን ሂሳብ እንዲመረምር የኦዲት አገልግሎት ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1977 ተቋቋመ። በገጠሩ ደግሞ ሂሳብ ባልታሰበ መንገድ ወደ ገበሬው ወረደ። ሩዝ በፎገራ ሻጋ፣ በደራ ደግሞ ጅግና ላይ የተጀመረው በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። በእንዲህ ያሉ ማኅበራት አባል የሚካፈለው በሠራው የሥራ ነጥብ ልክ ነበርና ነጥብ የሚጽፍ ሰው የግድ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያስቆጠራቸው ገበሬዎችም የተጻፈውን ማየት ቻሉ። ማኅበራቱ ፈርሰዋል፤ ስሙ በመዝገብ መኖሩን የሚጠይቅ ገበሬ ግን ቀርቷል።

ቤተ ክርስቲያንም በመሬት አዋጁ ጉልቷን አጥታ በምእመናን አስተዋጽኦ መተዳደር ግድ ሆነባት። ለዚህ የሚሆነው መዋቅር ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በቃለ ዓዋዲ ደንብ ተዘርግቶ ነበር፤ ሰበካ ጉባኤ። እንደ ቁሐር ሚካኤል ባለ በታቦቱ ስም በሚጠራ የገጠር ቀበሌ፣ ሰው የሂሳብ ሥርዓትን በቅርብ የሚያየው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ይልቅ በአጥቢያው ነው። በሰበካው ሂሳብ ሹም አለ፤ ይጽፋል እንጂ ገንዘብ አይነካም። ገንዘብ ያዥ አለ፤ ይቀበላል እንጂ መዝገቡን አይዝም። ተቆጣጣሪ አለ፤ ሁለቱን ያያል። በንግሥ ማግሥት ሙዳየ ምጽዋቱ ሲከፈት ደንበኛው አሠራር ይህ ነው፦ ቁልፎቹ በተለያየ ሰው እጅ ስለሆኑ ሁሉም ካልተገኙ አይከፈትም፤ ብሩ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል፤ የተቀዳደደው ይለያል፣ ሳንቲሙ ለብቻው ይቆለላል፤ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ደግሞ ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ይጽፋል፤ ቃለ ጉባኤው ተፈርሞበት ገቢው በደረሰኝ ይቆረጣል። ይህ በትክክል ሲፈጸም ከየትኛውም ባንክ የካዝና ቆጠራ አያንስም። ሳይፈጸም ሲቀር ደግሞ ምእመኑ ያውቃል፤ ጠቡም ለዓመታት ይዘልቃል።

በእድሩም ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለየብቻ ናቸው። ወረታን ለቆ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል ያለው፣ በዙምራ ኑሩ መሥራችነት የሚታወቀው የአውራ አምባ ማኅበረሰብም አብሮ ሠርቶ ገቢውን የሚካፈል ነውና በየኮሚቴው መዝገብ ካልያዘ ሊቆም አይችልም። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ሥራ አመራሩንና ቁጥጥር ኮሚቴውን ሲለይ ለፎገራ ገበሬ እንግዳ ነገር አላመጣም። ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው ማኅበር ላይ ችግር የሚፈጠረው ሕጉ ሥራውን ስላልለየ ሳይሆን፣ ቁጥጥር ኮሚቴው ተመርጦ ሳይሰበሰብ ሲከርም፣ ሂሳቡ ሳይመረመር ዓመታት ሲደራረቡ ነው።

ፑል፣ ሞዴልና ጉድለት

በ1990ዎቹ ዓ.ም. በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ የመንግሥት ሂሳብም ከነጠላ ምዝገባ ወደ ድርብ ምዝገባ ተሻገረ። በየወረዳው «ፑል» የሚባለው አሠራር መጣ፤ የትምህርቱ፣ የጤናውና የግብርናው ጽሕፈት ቤት ሂሳብ ለየብቻ መያዙ ቀርቶ በገንዘብ ጽሕፈት ቤት በአንድነት ይሠራል። ባለሙያ እጥረት ባለበት ወረዳ ይህ ጥሩ መላ ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ወጪውን የሚጠይቀው ክፍልና ሂሳቡን የሚይዘው ክፍል መለየቱ ነው።

የዚህ ቤት ቋንቋ ወረቀት ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። አንዱ ከጠፋ ንብረት ክፍሉ እንቅልፍ የለውም፤ «ጉድለት ተገኘበት» ከተባለ ጡረታ የወጣውም ይጠራል። ሌላው የሚፈራ ነገር ያልተወራረደ ሂሳብ ነው፤ ለሥራ ተብሎ በቅድሚያ ወጥቶ ማስረጃ ያልቀረበበት ገንዘብ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ይህ ርእስ አይጠፋም።

ሰው ሙያውን ምን ይለዋል?

«ሂሳብ» በትምህርት ቤት የቁጥር ትምህርት፣ በምግብ ቤት የተበላው ዋጋ፣ በታክሲ የረዳቱ ጥሪ፣ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ባለሙያው በተለያየ ስም ይጠራል። በቤተ ክርስቲያን ሂሳብ ሹም፣ በመንግሥት መደብ የሂሳብ ሠራተኛ ወይም የሂሳብ ባለሙያ፣ በግል ድርጅት አካውንታንት ነው። በቢሮው በር ላይ ታርጋ የሚሰቅለው ደግሞ «የተፈቀደለት የሂሳብ አዋቂ» ይላል። ወጣቱ ይህን ሁሉ ትቶ «ፋይናንስ ነው የምሠራው» ማለት ጀምሯል።

ግራ የሚያጋባው የስሙ መብዛት አይደለም፤ የተለያየ ኃላፊነት በአንድ ስም መጠራቱ ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የግል ኮሌጆች በየከተማው ሲከፈቱ አካውንቲንግ ተፈላጊ ትምህርት ሆነ። የደረጃ 4 ሰርተፊኬት ይዞ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ያለፈ ወጣት፣ በዲግሪ የተመረቀ፣ የውጭ አገር የሙያ ፈተና ያለፈና የኩባንያን ሂሳብ መርምሮ አስተያየት ለመስጠት ፈቃድ ያለው ኦዲተር በሰፈር ሁሉም «አካውንታንት» ናቸው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 847 እና እርሱን ተከትሎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ይህን መሥመር ለማስያዝ የመጡ ናቸው፤ ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሪፖርት እንዲያቀርቡ የተደረገውም በዚሁ መነሻ ነው። ደንበኛ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ይህ ሰው መዝጋቢ ነው፣ ሪፖርት አዘጋጅ ነው ወይስ መርማሪ? አንድ ሰው የመዘገበውን ራሱ ኦዲት አድርጎ ከፈረመ ስሙ ምንም ይሁን ሥራው የበጅሮንዱ ሥራ ነው።

ከሂሳብ ቤት የወጣ አንድ አነጋገር ደግሞ ፖለቲካው ወስዶታል፤ «ሂሳብ ማወራረድ»። ዛሬ ብዙ ሰው ሲሰማው የሚያስበው በቀልን ነው። የሂሳብ ሠራተኛው ግን ሲያወራርድ ደረሰኝ ያያይዛል፣ የተረፈውን ይመልሳል፣ ያስፈርማል፣ ፋይሉን ይዘጋል። በፖለቲካው ማወራረድ ግን ማስረጃ የሚቀርብለት ወገን ስለሌለ ፋይሉ ተዘግቶ አያውቅም።

የሚቀረው ሥራ

ከበጅሮንዱ ጀምሮ የመጣው ለውጥ ትንሽ አይደለም። በጀት በሕግ ይጸድቃል፣ ኦዲተር ለምክር ቤት ይመልሳል፣ ወረዳ በድርብ ምዝገባ ይሠራል። የሚቀረው ሂሳቡ ወደ ከፋዩ መመለሱ ነው። ወረዳዎች በጀታቸውን በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፉ የተጀመረው የግልጽነት አሠራር ጥሩ ነበር፤ ሠንጠረዡን የሚያብራራ ሰው ከሌለ ግን ወረቀቱን ነፋስ ይወስደዋል። ለዚህ አዲስ ተቋም መፍጠር አያስፈልግም። የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀበሌ ወርዶ፣ ለትምህርት ቤቱና ለጤና ኬላው የተመደበውንና የወጣውን ሰበካው ሂሳቡን በሚያነብበት ግልጽነት ቢያነብ፣ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው አያጣም። የፎገራ ገበሬ ዘሩ ከመሐል ይነሣ እንደሆነ በየዓመቱ የሚከራከር ነውና ስለ መንግሥት ወጪ የሚጠይቀውም አይቸግረውም።

እስከዚያው ድረስ የትኛውንም ቤት፣ የማኅበር ይሁን የአጥቢያ፣ የወረዳ ይሁን የአክሲዮን ኩባንያ፣ በአራት ጥያቄ መመዘን ይቻላል። ማን ይይዛል? ማን ይጽፋል? ማን ይመረምራል? ለማንስ ይነበባል? ለመጀመሪያዎቹ ሦስት መልሱ አንድ ሰው ከሆነ፣ ለአራተኛው ደግሞ መልስ ከጠፋ፣ በዚያ ቤት ቁጥር እንጂ ሂሳብ የለም።